በእናቶች ላይ የቀረበው ክስ፤ የኦቲዝም ምክንያት በየዘመኑ እንደ ተተረጐመ

በብዙ ሕዝቦች ዘንድ አንድ ሕፃን ከእኩዮቹ የተለየ ጠባይ ይዞ ሲያድግ በመጀመሪያ የሚመረመረው የወላጆቹ ምግባር ነው። ይህ ልማድ ባልተማሩ ሰዎች ዘንድ ብቻ የሚገኝ የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። ነገር ግን ኦቲዝም የተባለው የእድገት ሁኔታ ታሪክ ሲመረመር፥ በወላጅ፥ ይልቁንም በእናት ላይ፥ እጅግ ከከበዱት ክሶች አንዱ የተነሣው ከመንደር ሐሜት ሳይሆን ከሕክምና ሊቃውንት እንደ ሆነ ይታያል።

በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ሊዮ ካነር በ1943 (ይህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የ11 ሕፃናትን ታሪክ አሳተሙ። ሕፃናቱ ከሰው ጋር መግባባት የሚሳናቸው፥ የለመዱት ነገር ሲለወጥባቸው የሚታወኩ ነበሩ። ካነር በጽሑፋቸው መደምደሚያ ሕፃናቱ ይህን ሁኔታ ይዘው እንደ ተወለዱ ገምተዋል፤ ዳሩ ግን ከወላጆቹ መካከል ልባቸው ሞቅ ያለ ጥቂቶች ብቻ መሆናቸውን በዚያው ጨምረው ተናገሩ። ከዚህች አስተያየት ብዙ መከራ ተወለደ።

ከ11ዱ አባቶች 4ቱ የአእምሮ ሐኪሞች ነበሩ፤ ከቀሩትም አብዛኞቹ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ይህ ሊያስደንቅ አይገባም፤ በዚያን ጊዜ ልጁን ይዞ ከእንደዚህ ያለ ሐኪም ዘንድ ሊደርስ የሚችለው ዕውቀትና ገንዘብ ያለው ወላጅ ነበርና። ከእነርሱ አንዱ ስለ ልጁ 33 ገጽ በጽሕፈት መኪና ጽፎ ለሐኪሙ ላከ። ወላጆቹም ልጆቻቸው 25 የሃይማኖት ትምህርት ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው፥ 37 የሕፃናት መዝሙሮችን በቃላቸው እንደ ያዙ ቈጥረው መዝግበው ነበር። ካነር ይህን ትጋት የወላጆቹ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ማስረጃ አድርገው ተረጐሙት። ያለ እነዚያ መዛግብት ጥናቱ ሊጻፍ ባልቻለም ነበር፤ ነገር ግን መዛግብቱ በጸሐፊዎቻቸው ላይ ምስክር ሆኑ።

በ1949 ካነር ወላጆቹን በረዶው ከማይቀልጥ ማቀዝቀዣ ጋር አመሳሰሉ። ከዚያ በኋላ «የማቀዝቀዣ እናት» የሚለው ስያሜ በሐኪሞችም በጋዜጦችም ተስፋፋ። በቪየና ተወልደው በዳካውና በቡኸንቫልድ የናዚ ማጎሪያዎች ታስረው የነበሩት ብሩኖ ቤተልሃይም፥ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ትምህርት ቤት ሲመሩ ቆይተው፥ በ1967 «ባዶው ምሽግ» የተባለውን መጽሐፍ አወጡ። በዚህም ሕፃኑን በማጎሪያ ካሉ እስረኞች ጋር አነጻጸሩ፤ ለሁኔታው መነሻም ወላጁ ልጁ ባልኖረ ብሎ መመኘቱ ነው አሉ። መድኀኒቱ እንግዲህ ልጁን ከቤቱ መለየት ነበር።

በዚያው ዓመት ክላራ ፓርክ የተባሉ እናት «ከበባው» የሚል መጽሐፍ አሳትመው ስለ ልጃቸው የመጀመሪያ 8 ዓመታት ተረኩ። ሁለቱም መጻሕፍት ስማቸውን ከጦርነት መውሰዳቸው አጋጣሚ ቢሆንም ልብ ሊባል ይገባል፤ አንዱ ምሽጉን ባዶ አለው፥ እናቲቱ ግን በውስጡ ሰው መኖሩን አምና በፍቅር ከበበችው።

ክሱ በቤተ ሰብ ላይ ያደረሰው ጕዳት ቀላል አልነበረም። እናት ስለ ልጇ ምክር ፍለጋ ስትሄድ ራሷ እንድትታከም ትታዘዝ ነበር። ዝም ብትል ቀዝቃዛ ተባለች፤ አጥብቃ ብትጠይቅ ጭንቀታም ተባለች። ሌሎች ልጆቿን ያለ እንከን ማሳደጓ እንኳ መከላከያ አልሆናትም።

ይህን የመጨረሻውን ነገር እንደ ማስረጃ ካነሡት አንዱ በሳንዲያጎ የባሕር ኀይል የሥነ ልቡና ባለሙያ የነበሩትና የኦቲዝም ልጅ አባት የሆኑት በርናርድ ሪምላንድ ናቸው። በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ ምክንያቱ በሥጋዊ አካል እንጂ በአስተዳደግ እንዳልሆነ ተከራከሩ። የመጽሐፉን መቅድም የጻፉት ራሳቸው ካነር ናቸው። በ1965 ወላጆች አገር አቀፍ ማኅበር መሠረቱ፤ በ1969 ካነር በማኅበሩ ጉባኤ ፊት ቆመው ወላጆችን ከበደል ነጻ አወጡ። በ1977 በእንግሊዝ አገር ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር 21 ጥንድ መንትዮችን መርምረው፥ ከአንድ ዕንቍላል ከተገኙት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ሕፃናት ኦቲዝም እንዳላቸው፥ ከቀሩት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም እንዲህ ያለ አለመገኘቱን ገለጹ። የዘር ውርስ ማስረጃ ከዚህ ተጀመረ። ፍርዱን የለወጡት ሊቃውንት ብቻ ናቸው ማለት ግን ከእውነት የራቀ ነው፤ ክርክሩን የጀመሩት ተከሳሾቹ ነበሩ።

በኢትዮጵያም ክሱ በሌላ ልብስ ይታያል፤ እዚህ የሚጠቀሰው ኀጢአትና መንፈስ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በልጃቸው ምክንያት ተነሣሥተው በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማእከልን በአዲስ አበባ ሲከፍቱ የሁኔታው ስም እንኳ ለብዙዎች እንግዳ ነበር። በ2016 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ የእድገት እክል ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀው፥ ከመቶ 40.2 የሚሆኑት መንፈስን፥ 27.5 የሚሆኑት ኀጢአትን በምክንያትነት ጠቀሱ። ከመቶ 45.1 በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፥ 26.7 ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናገሩ። ኀፍረቱ በአሳዳጊው የትምህርት ደረጃ አልተለያየም፤ ሁኔታውን ከመንፈስና ከኀጢአት ጋር ባያያዙት ዘንድ ግን ይበልጥ በረታ። ከሁሉ አብልጦ የሚጐድላቸው ምን እንደ ሆነ ሲጠየቁ ከመቶ 74.5 የሚሆኑት የመለሱት ለልጃቸው ትምህርት የሚል ነው።