እስራኤል አዴሳንያ፦ ከዩኤፍሲ በፊት የነበሩት 80 ፍልሚያዎች

ከዲላም፣ ከወናጎም፣ ከይርጋጨፌም በኢንቦክስ ደጋግሞ የሚመጣልን አንድ ጥያቄ አለ። ኪክቦክሲንግ እንጀራ ይሆናል ወይ? አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ፣ ትምህርት አቁሜ ሙሉ ጊዜዬን ልምምድ ላይ ባደርገውስ ትላላችሁ። ከጥያቄው ጋር አብሮ የሚላክልን ቪዲዮ ደግሞ ሁሌም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ እስራኤል አዴሳንያ ሰው ሲዘርር፣ 20 ሰከንድ፣ ከኋላው ሙዚቃ።

እሺ፣ ዛሬ ከዚያ 20 ሰከንድ በፊት ምን እንደነበር እናውራ። አዴሳንያን ብዙዎቻችን የምናውቀው በዩኤፍሲ ቀበቶ ነው። ሰውዬው ግን ዩኤፍሲ ሲገባ ልጅ አልነበረም፣ ጀማሪም አልነበረም። በኪክቦክሲንግ ብቻ 75 አሸንፎ 5 ተሸንፎ ነው የመጣው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ስፖርቱ በአጭሩ። ኪክቦክሲንግ በስሙ የተጠራው ጃፓን ውስጥ በ1960ዎቹ ነው። ካራቴን ከታይላንዱ ሙአይ ታይ ጋር ያጋጠመ ስፖርት ነው። ከዚያ ሆላንዶች ወሰዱትና የራሳቸውን ቡጢ ጨመሩበት። በ1993 ጃፓን ውስጥ ኬ ዋን የሚባለው ውድድር ሲጀመር ዓለም ሁሉ ማየት ጀመረ። የሆላንዱ ኤርኔስቶ ሁስት የዚህን ውድድር ዋንጫ አራት ጊዜ ወስዷል። ዛሬ ትልቁን መድረክ ከያዙት አንዱ በ2012 የተመሠረተው ግሎሪ ነው።

ሕጉ ቀላል ነው። ቡጢ፣ እርግጫ፣ ጉልበት ይፈቀዳል። ክርን አይፈቀድም። ተቃቅፎ መቆየት አይቻልም፣ መሬት ላይ ትግል ጭራሽ የለም። አብዛኛው ፍልሚያ 3 ዙር ነው፣ ለቀበቶ ሲሆን 5 ዙር፣ አንዱ ዙር 3 ደቂቃ። ዩኤፍሲ ሌላ ነገር ነው፦ ጓንቱ ስስ ነው፣ ዙሩ 5 ደቂቃ ነው፣ ተጥለህ መሬት ላይ ልትታነቅ ትችላለህ። ሁለቱን አንድ አድርጋችሁ የምታወሩ ስላላችሁ ነው ይቺን ያስገባናት።

አሁን ወደ ልጁ። አዴሳንያ የተወለደው ጁላይ 22 ቀን 1989 ሌጎስ፣ ናይጄሪያ ነው። አባቱ የሂሳብ ባለሙያ፣ እናቱ ነርስ ናቸው። ለቤቱ ከአምስት ልጆች የመጀመሪያው ነው። ሌጎስ እያለ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ቴኳንዶ ይሠራ ነበር፤ ሲጎዳ እናቱ አስቆሙት። (የእናት ነገር ሌጎስም ዲላም አንድ ነው።) ቤተሰቡ ለልጆቹ የተሻለ ትምህርት ፍለጋ አገር ለቀቀ። መጀመሪያ ጋና ለጥቂት ወራት፣ ከዚያ ኒውዚላንድ። ያረፉባት ከተማ ሮቶሩዋ ትባላለች፣ ትልቅ ከተማ አይደለችም። እስራኤል 10 ዓመቱ ነበር።

እዚያ ትምህርት ቤት በቆዳው ቀለም ተሰድቧል፣ ተደብድቧል። ይህን ራሱ በየቃለ መጠይቁ ደጋግሞ ተናግሮታል። ግን በዚያ ዕድሜው ወደ ልምምድ ቤት ሮጦ አልሄደም። ሁለተኛ ደረጃ ጨረሰ። ከዚያ ዋንጋኑይ በምትባል ከተማ ኮሌጅ ገብቶ የኮምፒውተር ዲዛይን መማር ጀመረ። ኪክቦክሲንግ የጀመረው በ2008፣ በ18 ዓመቱ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ፊልም። የታይላንዱን ቶኒ ጃ ኦንግ ባክ ላይ አይቶ ነው። «ዘ ላስት ስታይልቤንደር» የሚለው ቅጽል ስሙም ልጆች ከሚያዩት አቫታር ከተባለው የካርቱን ተከታታይ የመጣ ነው። በካርቱን የምትስቁ ታላላቆች ይህን አስተውሉልን።

እንግዲህ 14 ዓመቴ ነው፣ ረፈደብኝ ብላችሁ የምትጽፉልን ልጆች፣ በ18 ነው የጀመረው። አልረፈደባችሁም።

በአማተር 32 ጊዜ ተፋልሞ አንዴም ሳይሸነፍ በ21 ዓመቱ ወደ ኦክላንድ ተዛወረ። እዚያ ሲቲ ኪክቦክሲንግ የሚባል ልምምድ ቤት አለ። አሠልጣኙ ዩጂን ቤርማን ነው። አዴሳንያ ከዚያ ቤት አልወጣም። በኪክቦክሲንግም፣ በዩኤፍሲም፣ ሲያሸንፍም፣ ሲዘረርም ጥጉ ላይ የሚቆመው ቤርማን ነው። ቪዲዮ ላይ የማይታየው ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለናል። በየሦስት ወሩ አሠልጣኝ የሚቀያይር ልጅ ስናይ ትዝ የሚለን እሱ ነው።

ከዚያ ያሉት ዓመታት ረጅምና ጫጫታ የሌለባቸው ናቸው። ቻይና እየተመላለሰ ተፋለመ። ኒውዚላንድ ውስጥ ኪንግ ኢን ዘ ሪንግ የሚባል ውድድር አለ፦ ስምንት ሰው ይገባል፣ በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። በአንድ ምሽት ሦስት ሰው! መጀመሪያ ያገኘህ ሰው እግርህን ካበላሸው በዚያው እግር ነው ሁለተኛውን የምትገጥመው። አዴሳንያ ይህን ውድድር ሦስት ጊዜ አሸንፏል። ቦክስም ሞክሯል፣ በፕሮፌሽናል ቦክስ 5 አሸንፎ 1 ተሸንፏል። ኤምኤምኤም የጀመረው በ2012 ነው፣ ኪክቦክሲንጉን ሳይተው።

እዚህ ላይ ስለ ገንዘብ። «ፕሮፌሽናል» ማለት ብዙዎቻችሁ እንደምታስቡት ደሞዝተኛ ማለት አይደለም። በዚህ ስፖርት ክፍያው በፍልሚያ ነው። ብዙ ጊዜ ውሉ ላይ ለመግባት ይህን ያህል፣ ካሸነፍክ ደግሞ ይህን ያህል ጭማሪ ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ላይ የአሠልጣኝና የማናጀር ድርሻ ይነሳል። ተጎድተህ ስድስት ወር ከተኛህ፣ ያ ስድስት ወር ባዶ ነው። ቡና ተክሎ በዓመቱ የሚለቅም የለም፣ ጌዴኦ ውስጥ ይህን ለማንም አናስረዳም። እዚህ ግን ችግኙ ይጸድቅ አይጸድቅ ሳታውቅ ነው ዓመታት የምትጠብቀው።

በግሎሪ የአዴሳንያ ትልቁ ዕድል በ2016 መጨረሻ መጣ። ኦክቶበር ላይ ዴንቨር፣ አሜሪካ በአንድ ምሽት ሮበርት ቶማስንና ዩስሪ ቤልጋሩይን አሸንፎ ለመካከለኛ ሚዛን ቀበቶ የመፋለም መብት አገኘ። ጃንዋሪ 2017 ሎስ አንጀለስ ላይ የሆላንዱን ጄሰን ዊልኒስን ገጠመ። በዳኞች ነጥብ ተሸነፈ። የግሎሪን ቀበቶ ከዚያ በኋላ አላገኘውም። አዎ፣ ያ ሁሉ 75 ድል ያለው ሰው የዘመኑን ትልቁን የኪክቦክሲንግ ቀበቶ ወገቡ ላይ አላሰረም።

አሁን ወደ አሌክስ ፔሬራ እንምጣ፣ ምክንያቱም ያለ እሱ ይህ ታሪክ ግማሽ ነው።

ፔሬራ ብራዚላዊ ነው። በግራ እጁ የሚወረውራት ቡጢ አንዲት ናት፣ ግን ያገኘችውን ታስተኛለች። መጀመሪያ የተገናኙት ኤፕሪል 2016 ሸንዘን፣ ቻይና ነው። ፔሬራ በነጥብ አሸነፈ። ሁለተኛው ማርች 2017፣ የዊልኒስ ሽንፈት ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ ሳኦ ፓውሎ ላይ፣ በፔሬራ አገር። ሁለተኛው ዙር ላይ አዴሳንያ መታው፣ አንገዳገደው፣ ዳኛው ቆጠራ እስኪጀምርበት ድረስ። ያለቀ መስሎ ነበር። ሦስተኛው ዙር ላይ ያቺ ግራ እጅ መጣች። አዴሳንያ በዝረራ ወደቀ።

ከዚያ የሆነው ነገር ደግሞ ከዝረራው የባሰ ሳይሆን አይቀርም። የፔሬራ ትንሽ ልጅ ወደ ሪንጉ ገብቶ፣ አዴሳንያ አጠገብ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ አሾፈበት። ካሜራ ይቀርጽ ነበር።

ከዚህ በኋላ ኪክቦክሲንግን ትቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ኤምኤምኤ ዞረ። ፌብሩዋሪ 2018 ፐርዝ፣ አውስትራሊያ ላይ ዩኤፍሲ ገባ፣ በኤምኤምኤ 11 ለ 0 ሆኖ። የቀጠለውን ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ እንፍጠን። ኤፕሪል 2019 ኬልቪን ጋስተለምን አሸንፎ ጊዜያዊ ቀበቶ ያዘ። ኦክቶበር 2019 ሜልበርን ላይ 57,127 ተመልካች ፊት ሮበርት ዊታከርን በሁለተኛው ዙር ዘርሮ ዋናውን ቀበቶ ወሰደ። በ2021 ናይጄሪያዊው ካማሩ ኡስማን፣ ካሜሩናዊው ፍራንሲስ ንጋኑና እሱ በአንድ ጊዜ የዩኤፍሲ ሻምፒዮን ነበሩ። ሦስት አፍሪካ የተወለዱ ሰዎች በአንድ ጊዜ!

ግን ፔሬራ ተከትሎት መጣ። እሱም በግሎሪ በሁለት ሚዛን ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ኖቬምበር 2021 ዩኤፍሲ ገባ። ልክ በዓመቱ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2022፣ ኒውዮርክ ላይ ፊት ለፊት ቆሙ። አዴሳንያ በነጥብ እየመራ አምስተኛው ዙር ላይ ደረሰ። አሁንም ያው ሰው፣ ያው እጅ። ዳኛው አስቆመው፣ ቀበቶው ሄደ። በሁለቱ ስፖርት ተደምሮ ሦስት ለዜሮ።

ኤፕሪል 8 ቀን 2023፣ ማያሚ። ሁለተኛው ዙር ላይ ፔሬራ አጥሩ ላይ አስጠግቶ ይደበድበው ጀመር። አዴሳንያ እጁን ከፍ አድርጎ ተሸፍኖ ጠበቀ። የተዳከመ መስሎ ነበር። ፔሬራ ለመጨረስ ሲገባ በቀኝ እጅ መታው፣ ደገመው፣ ሰውዬው ወደቀ። ከዚያ አዴሳንያ የወደቀው ፔሬራ ላይ በምናብ ቀስት ሦስት ጊዜ ወረወረ። ወደ ተመልካቹ ዞሮም የፔሬራን ልጅ ፈልጎ፣ ልክ ያ ልጅ በ2017 እንዳደረገው ተዘርግቶ አሳየው። ስድስት ዓመት ነገሩን ይዞት ቆይቷል ማለት ነው። ከልጅ ጋር እልህ መጋባቱ ልክ ነው አይደለም የሚለውን ለእናንተ እንተወዋለን፣ እዚህ ገጽ ላይ ያለን ሰዎች ራሳችን አልተስማማንም።

ያ የሙያው ጫፍ ነበር። ሴፕቴምበር 2023 ሲድኒ ላይ ሾን ስትሪክላንድ በነጥብ ቀበቶውን ወሰደበት። ኦገስት 2024 በደቡብ አፍሪካዊው ድሪከስ ዱ ፕሌሲ፣ ፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ሪያድ ላይ በናስርዲን ኢማቮቭ ተሸነፈ። ሦስት ተከታታይ ሽንፈት፣ በ35 ዓመቱ።

ወደ ጥያቄያችሁ እንመለስ። የኛ መልስ፦ እንጀራ ይሆናል፣ ለጥቂቶች፣ ዘግይቶ። ስለዚህ ትምህርት አታቁሙ። አዴሳንያም ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ፣ ኮሌጅ ገብቶ ነው የጀመረው። ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። ኪክቦክሲንግ እስካሁን ኦሊምፒክ ውስጥ የለም፤ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ለስፖርቱ ፌዴሬሽን ዕውቅና የሰጠው በ2021 ነው። በቴኳንዶ ግን መንገዱ አለ፦ ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ58 ኪሎ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። ቦክስም ኦሊምፒክ ውስጥ ያለ ስፖርት ነው። ከእነዚህ በአንዱ መሠረት ይዞ በኋላ ወደ ኪክቦክሲንግ መዞር ይቻላል። አዴሳንያም በልጅነቱ የነካው ቴኳንዶ ነበር።

አንድ የማንዘለው ነገር፦ ጭንቅላት። ልምምድ ላይ ተመትቶ ራሱን የሳተ፣ ያስመለሰው፣ ግራ የተጋባ ወይም ራስ ምታቱ አልለቅ ያለው ልጅ ዕለቱን ሆስፒታል መሄድ አለበት። «ጀግና ነህ፣ ተነስ» ተብሎ በዚያው ቀን ወደ ሪንግ አይመለስም። በትልልቅ ውድድሮች የተዘረረ ሰው ለሳምንታት፣ አንዳንዴ ለወራት በሐኪም ትእዛዝ ከፍልሚያ ይታገዳል። ሰፈር ውስጥ የሚያግድ ሐኪም ስለሌለ ያ ሥራ የአሠልጣኙና የጓደኞች ነው። የአንጎል ጉዳት ተደራራቢ ነው፣ ዛሬ ያልታየው ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ዋይፋይ ያገኛችሁ ቀን መጀመሪያ የሳኦ ፓውሎውን፣ ቀጥሎ የኒውዮርኩን፣ መጨረሻ ላይ የማያሚውን ተከታትላችሁ እዩ፣ በ20 ሰከንድ ሳይሆን ሙሉውን። የማያሚውን ስታዩ እግሩን ሳይሆን እጁን ተከተሉ። በሚቀጥለው ስለ ሞሮኳዊው ባድር ሃሪ እንጽፋለን፣ ከእሱ ሌላ የምትፈልጉት ካለ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን።