የመልቀቂያ ፈተናና የምዕራብ ሸዋ ብርቱ ተማሪዎች

በአምቦና በወሊሶ መካከል ከፍ ብላ የምትገኘው ወንጪ በሐይቋ ትታወቃለች። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለመቀጠል የሚሻ የአካባቢው ልጅ ግን ለብዙ ዘመን ከዚያ ደጋ ቁልቁል ወደ ከተማ መውረድ ነበረበት። ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁ ከቤተሰብ እየተላከለት የሚማር ልጅ የሚፈተነው ለራሱ ብቻ አይደለም። በክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ሸክሙ ይብሳል፤ ይወድቃል ብሎ የሚያስብ ሰው የለምና።

ጎበዙን ልጅ ከአካባቢው አውጥቶ መላክ አዲስ ነገር አይደለም። አምቦ ሐገረ ሕይወት ተብላ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ በ1939 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ትምህርት ቤት ቢኖራትም፣ የቀለም ትምህርት መንገድ የሚያመራው ወደ አዲስ አበባ ነበር። በአካባቢው የተወለደው ባለቅኔ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአምቦ የጀመረውን ትምህርት በጄኔራል ዊንጌትና በንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች ቀጥሏል። በኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በልዑል በእደ ማርያም ትምህርት ቤት አማካይነት፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ በውጤታቸው የተመረጡ ተማሪዎችን አሰባስቦ 12ኛ ክፍልን አዲስ አበባ ላይ ያስተምር ነበር። ለተመረጡት ትልቅ ዕድል መሆኑ አያጠያይቅም። የየአውራጃው ትምህርት ቤት ግን ለሌሎች አርአያ የሚሆኑትን ተማሪዎቹን በመጨረሻው ዓመት ያጣ ነበር።

ሕዝቡ «ማትሪክ» ይለው የነበረው የመልቀቂያ ፈተና በ1990ዎቹ እስኪቀየር ድረስ የበርካታ ዓመታት ልፋት የሚመዘነው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ከተበራከቱ በኋላ ጭንቀቱ ይቀንሳል ተብሎ ቢጠበቅም፣ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። መካከለኛው ተማሪ በሩ ሲሰፋለት፣ ብርቱው ተማሪ የሚጨነቀው ስለ መግባቱ ሳይሆን ስለ ምደባው ሆነ፤ ሕክምና ወይም ምሕንድስና ለማጣት በጥቂት ነጥብ ማነስ በቂ ነበርና።

የፈተናው ቀንና የትምህርቱ ቀን ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ጎልቶ የታየው በ2008 ዓ.ም. ነው። በኅዳር ወር መጀመሪያ በምዕራብ ሸዋ ጊንጪ ከተማ ተማሪዎች የጀመሩት ተቃውሞ በኦሮሚያ ተዛምቶ፣ በብዙ ቦታ ትምህርት ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። የፈተናው መርሐ ግብር ግን አልተለወጠም። መምህሩ ያላስተማረውን ምዕራፍ ተማሪው እንዲፈተን መጠየቁ ነበር። ፈተናው ሊሰጥ በነበረበት በግንቦት 22 ቀን የጥያቄ ወረቀቱ አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ወጥቶ በመገኘቱ ተሰረዘ፤ ያወጡትም ወገኖች ምክንያታቸው የተማሪዎቹ የትምህርት ጊዜ መባከን መሆኑን ገለጹ። ፈተናው ከሐምሌ 4 ቀን ጀምሮ ተሰጠ። የተገኘው ስድስት ሳምንት ግድም ነው። ሌት ተቀን ሲያጠና የከረመው ተማሪ በዚያ ድንገተኛ ስረዛ የደረሰበትን የመንፈስ ድካም የሚመዝን መለኪያ አልነበረም፤ የፈተና መሰረቅ የሚጎዳው ከሁሉ አስቀድሞ ራሱ የለፋውን ነው።

ኩረጃንና ስርቆትን ለመከላከል ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ እንዲሰጥ ተደረገ። ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። ከ896,520 ተፈታኞች ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና ደግሞ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. የአላፊዎቹ ድርሻ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ቢልም፣ ከአሥር ተፈታኞች ዘጠኙ አሁንም ከመስመሩ በታች ናቸው።

ቁጥሮቹ ሲነገሩ የሚታለፍ አንድ ጉዳይ አለ። አንድም ተማሪ ባላሳለፈ ትምህርት ቤትም ቢሆን አንደኛ የወጣ ልጅ ነበረ። ዓመቱን ሙሉ በመምህራኑ ሲመሰገን፣ በወላጆቹ ሲጠበቅ የቆየው ይህ ልጅ፣ ደረጃው በክፍሉ መለኪያ እንጂ በአገሩ መለኪያ እንዳልነበረ የተረዳው ውጤቱ በወጣበት ዕለት ነው። በየሴሚስተሩ የሚሰጠው የክፍል ውጤት ከብሔራዊው መለኪያ ጋር ቢነጻጸርና ትምህርት የተሰጠባቸው ቀናት ብዛት ከየትምህርት ቤቱ ውጤት ጎን ቢመዘገብ፣ ያ ልጅ የሚያውቀውን ነገር በ9ኛ ክፍል ባወቀው ነበር፤ መምህሩም የሚያርምበት ሦስት ዓመት በኖረው ነበር።