ከጉልበት ሎሚ እስከ ዳሌ

ስኮት ዳይ የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ቀዶ ሐኪም የጉልበቶቹ ውስጠኛ ክፍል ሳይደነዝዝ፣ ነቅቶ እያየ፣ በካሜራና በቀጭን መሣሪያ እንዲነካኩት ተኛ። የመሣሪያው ጫፍ የጉልበት ሎሚውን ልም አጥንት ሲጫን ሕመም አልተሰማውም። ከሎሚው ሥር ያለውን ስብና መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚያለብሰውን ስስ ሽፋን ሲነካ ግን ሕመሙ አንገበገበው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ታተመ።

ሙከራው የተነሣው በዘጠና ዓመት እምነት ላይ ነበር። ኮንራድ ቢዲንገር በ1906 በጉልበት ሎሚ ጀርባ የተሰነጠቀ ልም አጥንት ማየቱን ከጻፈ ወዲህ፣ ደረጃ ሲወርዱና ቁጢጥ ብለው ሲነሡ የሚጠዘጥዘው ሕመም ጥፋቱ ሁሉ በልም አጥንቱ ተላከከ። «ኮንድሮማላሺያ»፣ ማለትም የልም አጥንት መላሸቅ፣ የሚል ስምም ወጣለት። ስሙ ቢላዋን ጠራ። የላሸቀው ተፋቀ፤ አንዳንዱ ታማሚ ሎሚው ጭራሽ ወጣለት። ሕመም የሚያስተላልፍ ነርቭ የሌለውን አካል ለማዳን ስንቱ ጉልበት ተከፈተ!

ከቢላዋ ውጭ፣ በጡንቻ በኩል የመጣው የሕክምና መንገድ ጅማሬው ወታደር ቤት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ ቺካጎ በሚገኘው የጋርዲነር ወታደራዊ ሆስፒታል፣ ቶማስ ዴሎርም የተባለ ወጣት ሐኪም ጉልበታቸውና ጭናቸው የተጎዳ ወታደሮችን ይረዳ ነበር። እሱ ራሱ በልጅነቱ በሩማቲክ ትኩሳት ታሞ የተነሣው ክብደት በማንሣት ነው። ወታደሩ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ እግሩ ላይ የብረት ጫማ ይታሰራል፤ ክብደት ይጨመርበታል፤ ከዚያ ጉልበቱን አሥር ጊዜ ይዘረጋል። ዴሎርም ይህን በ1945 ሲያሳትም፣ የተጎዳ እግር ቀላል ነገር ብቻ ይበቃዋል የሚለው ፍርሃት ተናጋ።

ለጉልበት ሎሚ ታማሚ ግን የብረት ጫማው ሁልጊዜ አልተመቸም። ተቀምጦ ክብደት እያነሡ እግርን እስከ መጨረሻው ሲዘረጉ፣ ሎሚው የጭን አጥንትን የሚነካበት ስፋት ይጠብና ጫናው እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይከመራል። ብዙ ባለሙያዎች እግርን ቀጥ አድርጎ ወደ ማንሣት ዞሩ።

በ1986 አውስትራሊያዊቷ ፊዚዮቴራፒስት ጄኒ ማኮኔል ሌላ ብልሃት አመጣች። ሎሚውን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋ በጠንካራ ፕላስተር ትይዘዋለች፤ ቀጥሎ ታማሚው ያንኑ የሚያሳምመውን ደረጃ ይወርዳል። ሕመሙ ቀለል ካለ መልመጃው እዚያው ይጀመራል። ኋላ በምስል ሲመረመር ፕላስተሩ ሎሚውን እንደታሰበው በቦታው አያጸናውም፤ ሕመሙን ግን ያስታግሳል። ታማሚው ሳይፈራ መንቀሳቀስ መቻሉ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ዓይን ወደ ላይ ተነሣ። ክሪስቶፈር ፓወርስና ባልደረቦቹ በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ታማሚዎቹ ክብደት የተሸከመ ጉልበታቸውን ከታጠፈበት ሲዘረጉ በኤምአርአይ አዩዋቸው። የሸሸው ሎሚው አልነበረም፤ ከሥሩ የጭኑ አጥንት ወደ ውስጥ ይዞር ነበር። ያንን አጥንት የሚገታው ደግሞ የዳሌና የመቀመጫ ጡንቻ ነው።

በ2019 የአሜሪካ ፊዚዮቴራፒስቶች ያወጡት መመሪያ የዳሌና የጉልበት መልመጃ አንድ ላይ እንዲሰጥ መከረ። ፕላስተሩን ለአጭር ጊዜ አጋዥ አደረገው፤ አልትራሳውንድ፣ ሌዘርና የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ግን ይቅሩ አለ። ዛሬ ታማሚዋ በጎኗ ትተኛለች፤ ከጉልበቷ ከፍ ብሎ ላስቲክ ይታሰርላታል። ተረከዞቿን ሳታላቅቅ የላይኛውን ጉልበቷን ቀስ ብላ ትከፍታለች። ሲደጋገም የሚያቃጥላት መቀመጫዋን ነው።