ኮፒ የተደረገው ዛፍ

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ዘመድ ካላችሁ ፎቶውን አይታችሁት ይሆናል፤ በፀደይ መግቢያ ግራና ቀኝ ነጭ አበባ የለበሰ መንገድ። ቼሪ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጠጋ ብሎ ማሽተት ይበቃል፤ የቆየ ዓሣ የሚሸት ከሆነ ብራድፎርድ ፒር ነው።

ዛፉ አሜሪካ የገባው ለጌጥ አልነበረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአገሪቱን የፒር እርሻ አንድ የባክቴሪያ በሽታ ይፈጀው ነበር፤ ቅርንጫፉን እሳት የለበለበው አስመስሎ ያጠቁረዋል። የግብርና መሥሪያ ቤቱ ፍራንክ ሜየር የተባለ ትውልደ ሆላንዳዊ አሳሽ ቻይና ልኮ በሽታውን የሚቋቋም የዱር ፒር ዘር አስሰበሰበ። ሜየር በ1918 (እ.ኤ.አ.) ያንግትዜ ወንዝ ላይ ከመርከብ ጠፍቶ ሬሳው ተገኘ። እንዴት እንደወደቀ እስካሁን አልታወቀም።

ከቻይና በመጣ ዘር ከበቀሉት መካከል ሜሪላንድ፣ ግሌን ዴል ምርምር ጣቢያ አንድ እሾህ የሌለው ዛፍ ቆሞ ነበር። በ1950ዎቹ ጆን ክሪች ዓይኑን ጣለበት። በፀደይ ነጭ፣ በመኸር ቀይ፣ አፈር የማይመርጥ፣ ተባይ የማይደፍረው፣ ፍሬ ጥሎ መንገድ የማያቆሽሽ! በ1963 በቀድሞው የጣቢያው ኃላፊ ስም ተሰይሞ ለገበያ ወጣ። በ1966 የፕሬዝዳንቱ ባለቤት ሌዲ በርድ ጆንሰን ዋሽንግተን ውስጥ አንዱን ተከሉ። በየቦታው አዲስ ሰፈር እየተገነባ ስለነበር ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ይፈለግ ነበር፤ በቃ፣ ሁሉም ተከለው።

እንደ ሶፍትዌር ሠሪ የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ብራድፎርድ የሚባለው ሁሉ ከዚያ ከአንዱ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተቆረጠ በሌላ ሥር ላይ የተቀጠለ ኮፒ ነው። ይህ ዝርያ ደግሞ የራሱን የአበባ ብናኝ አይቀበልም። ስለዚህ ሺህ ብራድፎርድ ጎን ለጎን ቢቆም ፍሬ የለም። ሙከራውን አልፏል ማለት ነው።

ግን ቅርንጫፎቹ ከአንድ ቦታ ተጨናንቀው ስለሚወጡ፣ ዛፉ 15 ወይም 20 ዓመት ሲሞላው ንፋስ ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ችግኝ ሻጮች ጠንከር ያሉ ዓይነቶች አወጡ፤ አሪስቶክራት፣ ክሊቭላንድ ሴሌክት። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጥሩ ነው። ከብራድፎርድ አጠገብ ሲተከል ግን ብናኝ ተለዋወጡ። ፍሬ መጣ፣ ወፍ በላ፣ ዘሩ በየሜዳው ተበተነ፤ ልጆቹም የአያቶቻቸውን እሾህ ይዘው በቀሉ። ችግር ይፈታል የተባለው አፕዴት የባሰ ችግር አመጣ። ክሪችን ለመውቀስ አልቸኩልም። ዛፉን ሲመርጥ ጥሩ ጥያቄዎች ጠይቋል፤ «ጎረቤቱ ማን ይሆናል?» የሚለው ብቻ ነው የቀረው። (ጣናን የወረረው እምቦጭም ከትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ የወጣው አበባው ስላማረ ነው።)

ኦሃዮ ከ2023 ጀምሮ ሽያጩን ከለከለች፤ በ2024 ፔንሲልቬኒያና ሳውዝ ካሮላይና ተከተሉ። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የግቢውን ብራድፎርድ ቆርጦ ፎቶ ለሚያሳይ ሰው የአገር በቀል ዛፍ ችግኝ በነፃ ይሰጣል።