አነስተኛ የሙቅ አየር ሞተር

የሙቅ አየር ሞተር በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ አየር ሲሞቅ የሚሰፋበትን፣ ሲቀዘቅዝም የሚኮማተርበትን ጉልበት ወደ ሽክርክሪት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። የቤንዚንና የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በሲሊንደሩ ውስጥ ያቃጥላል፤ የዚህኛው እሳት ግን ውጭ ነው፤ ውስጡ ያለው አየር አይወጣም፣ አዲስም አይገባበትም። ስለዚህ ነዳጅ አይመርጥም፦ የከሰል ፍም፣ የአልኮል ኩራዝ፣ በመስተዋት የተሰበሰበ ፀሐይ፣ አንዳንዱም አንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ይበቃዋል። በፈልሳፊው ስም ስተርሊንግ ሞተር እየተባለም ይጠራል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ዓይነት በትርፍ ጊዜያቸው በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ይወደዳል፤ በጣሳና በሽቦ ሊጀመር ይችላል፣ ስህተትን ግን አይምርም።

አሠራር

ጋዝ ግፊቱ ሳይለወጥ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ፣ በ0 ዲግሪ ከነበረው መጠን 273ኛ እጁን ያህል ይሰፋል። እንዳይሰፋ ከተያዘ ደግሞ ግፊቱ በዚያው ልክ ያድጋል። ሞተሩ የሚዞረው በዚህች ጭማሪ ነው።

ቀላሉ ሞተር ሁለት ተመላላሽ አካላት አሉት። አንደኛው አየር አዘዋዋሪ ነው፤ ሠሪዎቹ ዲስፕሌሰር ይሉታል። የሲሊንደሩን ግድግዳ ሳይነካ ይመላለሳል፤ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ሲሄድ አየሩ በጎኑ ሾልኮ ወደ ሙቁ ጫፍ ያልፋል፣ ወደ ሙቁ ሲመለስ አየሩ ወደ ቀዝቃዛው ይሸሻል። አዘዋዋሪው ራሱ ኃይል አይሰጥም። ኃይሉን የሚቀበለው የኃይል ፒስተኑ ነው፤ አየሩ ሲሞቅ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ሲቀዘቅዝ የውጭው አየር መልሶ ያስገባዋል። ሁለቱ በአንድ ክራንክ ላይ ይታሰራሉ፣ አዘዋዋሪው በሩብ ዙር፣ ማለትም በ90 ዲግሪ፣ ይቀድማል። ግፊት በማይገኝበት ቅጽበት ክራንኩን የሚያሻግረው በላዩ የታሰረው ጎማ፣ ማለትም ቮላኖው፣ ነው።

ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ እ.ኤ.አ. በ1824 ባሳተመው ሥራ እንዳመለከተው፣ ከሙቀት የሚገኘውን ሥራ የሚወስነው በሙቁና በቀዝቃዛው ጫፍ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሙቁ ጫፉ 300፣ ቀዝቃዛው 40 ዲግሪ የሆነ ሞተር፣ ፍጹም ቢሆን እንኳ፣ ከሙቀቱ 45 በመቶውን ብቻ ወደ ሥራ ይለውጣል። 90 ዲግሪ ውሃ ላይ ተቀምጦ 18 ዲግሪ በሆነ ክፍል የሚዞረው ደግሞ ከ20 በመቶ አያልፍም። እነዚህ ጣሪያዎች ናቸው፤ የእጅ ሥራ ሞተር ከጣሪያው እጅግ ዝቅ ብሎ ይቀራል።

ዓይነቶች

በአልፋ ዓይነት አዘዋዋሪ የለም፤ ሁለት ፒስተኖች በሙቅና በቀዝቃዛ ሲሊንደር ይሠራሉ። በቤታ አዘዋዋሪውና ፒስተኑ በአንድ ሲሊንደር ውስጥ ይደረደራሉ። በጋማ ፒስተኑ ለብቻው በሌላ ትንሽ ሲሊንደር ይቀመጣል። ጋማ ለጀማሪ ይመረጣል፤ አንዱን ክፍል ሳይነኩ ሌላውን ፈቶ ማስተካከል ይቻላልና።

ታሪክ

ሮበርት ስተርሊንግ (1790–1878) የስኮትላንድ ቄስ ነበር። ሞተሩን እ.ኤ.አ. በ1816 በፓተንት አስመዘገበ፤ የፓተንቱ ዋና ነጥብም ራሱ «ቆጣቢ» ብሎ የሰየመው ክፍል ነው። አየሩ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ሲያልፍ ሙቀቱን በዚህ ክፍል ውስጥ ትቶ ይሄዳል፣ ሲመለስ መልሶ ይወስደዋል። በ1818 አንድ ሞተሩ በኤርሻየር የድንጋይ ካባ ውስጥ ውሃ በመሳብ ሥራ ላይ ዋለ። ከመሐንዲስ ወንድሙ ከጄምስ ጋር በ1840ዎቹ በደንዲ ከተማ ለአንድ ብረት ማቅለጫ የሠሩት ትልቅ ሞተር ግን ሙቁ ጫፉ በተደጋጋሚ እየተቃጠለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለእንፋሎት ቦታውን ለቀቀ። የዘመኑ ብረት ሙቀቱን አልቻለውም።

ስዊድን የተወለደው ጆን ኤሪክሰን በ1853 አሜሪካ ውስጥ በሙቅ አየር የምትሄድ መርከብ አሠራ። አራቱ ሲሊንደሮቿ እያንዳንዳቸው ከ4 ሜትር በላይ ስፋት ነበራቸው፤ ያም ሆኖ የታሰበውን ፍጥነት ስላልሰጡ በእንፋሎት ተተኩ። የኤሪክሰን ትናንሽ ሞተሮች ግን ለቤትና ለእርሻ ውሃ እየሳቡ በብዛት ተሸጡ። ኤሌክትሪክና የቤንዚን ሞተር ሲስፋፉ ሁሉም ከገበያ ወጡ።

የኔዘርላንዱ ፊሊፕስ በ1930ዎቹ፣ መብራት በሌለበት አገር ሬዲዮ የሚያስከፍት ጸጥተኛ ጀነሬተር ፍለጋ፣ ሐሳቡን እንደገና አነሳው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ 200 ዋት ገደማ የሚሰጥ ማሽን በጥቂቱ አመረተ፤ በባትሪ የሚሠራ ትራንዚስተር ሬዲዮ ግን ገበያውን ወሰደበት። በ1983 የዛግሬብ ዩኒቨርሲቲው ኢቮ ኮሊን በፈላ ውሃ ብቻ የሚዞር ጠፍጣፋ ሞተር አሳየ። አሜሪካዊው ጄምስ ሴንፍት ይህን ዓይነት አሻሽሎ በመዳፍ ሙቀት እስከሚዞር አደረሰው። ዛሬ በእጅ የሚሠሩት አብዛኞቹ ጠፍጣፋ ሞተሮች የሁለቱ ዘሮች ናቸው።

ንድፍ

ጀማሪ የሚሳሳተው ፒስተኑን በማግዘፍ ነው። የሙቀት ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ፒስተኑም ትንሽ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ አየሩ ሊያንቀሳቅሰው አይችልም። ኮሊን ከሙከራ ያወጣው ስሌት ቀላል ነው፦ የሙቀት ልዩነቱን ለ1,100 ማካፈልና 1 መደመር። ልዩነቱ 70 ዲግሪ ከሆነ የመጭመቅ ምጣኔው 1.064 ይሆናል፤ ማለትም ፒስተኑ በአንድ ምት የሚጠርገው መጠን ከጠቅላላው አየር 16ኛ እጅ ገደማ ነው። ለፍም ወይም ለነበልባል ፒስተኑ ሊያድግ ይችላል።

ኃይልን አስቀድሞ ለመገመት የአሜሪካዊው ዊልያም ቢል ቀመር ያገለግላል፦ 0.015 በአማካይ ግፊት (በባር)፣ በሴኮንድ ዙር እና ፒስተኑ በሚጠርገው መጠን (በኪዩቢክ ሴንቲሜትር) ይባዛል። 10 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የሚጠርግ፣ በሴኮንድ 10 ጊዜ የሚዞር፣ በ1 ባር የሚሠራ ሞተር 1.5 ዋት ይደርሰዋል። ቀመሩ ግን በደንብ ከተሠሩና ሙቁ ጫፋቸው እጅግ ከሚግል ሞተሮች የተወሰደ ነው፤ የጣሳ ሞተር ከዚህ ጥቂቱን ብቻ ይሰጣል።

ግንባታ

በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉ ቆርቆሮ ሠራተኞች ከባዶ ጣሳ ኩራዝ የሚያወጡበት ጥበብ፣ ማለትም ቆርጦ ማጠፍ፣ ጠርዝ ማያያዝና በካውያ መበየድ፣ ለዚህም ሥራ ይሆናል። አንድ ነገር ግን ይለያል። የተለመደው የቆርቆሮና የእርሳስ መበየጃ በ183 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ በሙቁ ጫፍ ላይ ከዋለ እሳት በነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታል። ሙቁ ጫፍ መጋጠሚያ የሌለው፣ ከአንድ ቆርቆሮ ተስቦ የወጣ ጣሳ መሆን አለበት።

አዘዋዋሪው ቀላል ይሁን፤ ከስስ ጣሳ ወይም ከታጨቀ የብረት ሱፍ ይሠራል። የብረት ሱፉ በተጨማሪ የስተርሊንግን ቆጣቢ ሥራ በከፊል ይሠራል። በዙሪያው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ክፍተት ይበቃዋል። ዘንጉ በክዳኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ አየር ሳያሾልክ ማንሸራተት አለበት፤ ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው። ለኃይል ፒስተን ከጎማ ፊኛ የተወጠረ ሽፋን ይቀላል፤ የመስታወት ሲሪንጅ ይሻላል፤ ቶርኖ ያለው ሰው ደግሞ ከነሐስ ይቀርጻል። ክራንኩ ከጠንካራ ሽቦ ይታጠፋል፣ ቮላኖው አሮጌ ሲዲ ሊሆን ይችላል፣ ኩሽኔታው ግን ግራሶው ታጥቦ በቀጭን ዘይት ይለስልስ።

ሙከራ

እሳት ከመንካቱ በፊት ሁለት ፍተሻ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሰበቃን ይለካል፦ ሲሊንደሩን ከፍቶ ቮላኖውን በጣት መምታት። በሁለት ዙር የሚቆም ከሆነ ምንም ዓይነት እሳት አያዞረውም። ሁለተኛው አየር የሚሾልክበትን ቦታ ይፈልጋል፦ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ቀብቶ ፒስተኑን ቀስ ብሎ መጫን፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ይደፈናል።

ጥሩ ተነስቶ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚሞት ሞተር ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ቀዝቃዛው ጫፍ ሞቆ ልዩነቱ ስለጠፋ ነው የቆመው፤ እርጥብ ጨርቅ ሲጠመጠምበት እንደገና ይነሳል። እሳት መጨመር በዚህ ጊዜ ያባብሰዋል።

በደጋ አየር

እንጅባራ፣ የአዊ ዞን ዋና ከተማ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት 0.74 ባር ያህል ነው። ወደ ውስጡ ተጨማሪ አየር የማይነፋበት ሞተር የሚሠራው በአካባቢው አየር ስለሆነ፣ ባሕር ዳርቻ 1.5 ዋት ይሰጣል የተባለው ስሌት እንጅባራ ላይ 1.1 ዋት ይሆናል። ሰበቃው ግን አይቀንስም። ከሌላ አገር የመጣን ንድፍ ለደጋ የሚያመቻች ሰው የመላ አካሉን ይዘት በሲሶ ቢያሳድግ ጉድለቱን ይመልሳል።

ውሃም እዚያ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ለፈላ ውሃ ሞተር ይህ ኪሳራ ይመስላል፤ ክፍሉ 18 ዲግሪ ከሆነ ግን ልዩነቱ 74 ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ በሚፈላበት፣ አየሩ ግን 30 ዲግሪ በሆነበት የባሕር ዳርቻ ልዩነቱ 70 ብቻ ነው። የደጋው ብርድ ከውሃው የጎደለውን ይክሳል፤ የሚጎድለው የአየሩ ጥግግት ብቻ ነው።

ነዳጅ አይቸግርም። በዞኑ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች አካሺያ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ አሲዳማ መሬት ላይ ተክለው፣ በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ ዘርተውበት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰል አድርገው ይሸጡታል። በከሰል ማንደጃ ላይ የተረፈ ፍም ትንሽ ሞተር ለረጅም ጊዜ ያዞራል። ከሰል ሲቃጠል ሽታ የሌለው ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚወጣ ግን ሙከራው ደጅ ይደረግ። በውስጡ አየር ነፍቶ ኃይሉን ለማሳደግ መሞከር ለጣሳ ሞተር አይመከርም፤ በግፊት ያለ አየርና ትኩስ ዘይት ሲገናኙ ሊፈነዱ ይችላሉ።

ጥቅምና ገደብ

በዚሁ በአዊ ዞን፣ በዳንግላ ከተማ ዙሪያ፣ ገበሬው ከጥልቀት የለሽ ጉድጓድ ውሃ ይቀዳል። 1 ሊትር ውሃ 10 ሜትር ለማንሳት 98 ጁል ሥራ ይጠይቃል፤ ስለዚህ 1.1 ዋት ያለ ምንም ብክነት በሰዓት 40 ሊትር ገደማ ያወጣል፣ ማለትም ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ጎበዝ ልጅ በገመድና በባልዲ ይህን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ድንጋይ ካባ ያደረቀው የ1818ቱ ሞተር ትልቅ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ትንሹ ሞተር የሚያወጣው ውሃ ጥቂት ቢሆንም፣ የጋዝ ሕግን ከሰሌዳ አውርዶ የሚዞር ነገር ያደርገዋል፤ በፍምና በእርጥብ ጨርቅ መካከል ሲዞር የሚያይ ተማሪም ልዩነት ሲጠፋ ሥራ እንደሚቆም ራሱ ይደርስበታል።