የሻጭ ጉድለትን የማረም መብት

ሻጭ ያስረከበው ዕቃ እንከን ሲገኝበት፣ ገዢው ውሉን ከማፍረሱ በፊት ሻጩ በራሱ ወጪ እንዲጠግን፣ እንዲለውጥ ወይም የጎደለውን እንዲሞላ የሚሰጠው ዕድል ነው። በኢትዮጵያ የተንቀሳቃሽ ዕቃ ሽያጭ በነጋዴዎች መካከልም ቢሆን በዋናነት የሚመራው ሬኔ ዳቪድ ባረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጩን ለጉድለት ዋስ ያደርጋል፤ ገዢውም ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን እንከን እንዲያስታውቅ ያዛል። በአንቀጽ 1785 መሠረት ደግሞ ውል የሚሰረዘው መሠረታዊ ግዴታ ሲጣስ ብቻ ነው። በቶሎ የሚታረም እንከን እዚህ ደረጃ ስለማይደርስ፣ ማረም ለሻጩ የሚቸር ውለታ ሳይሆን ከሕጉ አወቃቀር የሚመነጭ መብት ነው ማለት ይቻላል።

የመብቱ ልክ ግን የገዢው ጊዜ ነው። የሐይቅ ገበሬ ከደሴ ነጋዴ የመስኖ ፓምፕ ገዝቶ ጓርኒሲዮኑ ውሃ ቢያፈስ፣ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች መለዋወጫው በማግስቱ ይደርሳል፤ ለዚህ ውል ማፍረስ ሁለቱንም ይጎዳል። አምባሰል ውስጥ ለበልግ የተገዛ ዘር ሳይበቅል ቢቀር ግን ነገሩ ሌላ ነው። የካቲትና መጋቢት ካለፉ በኋላ የሚመጣ ምትክ ዘር፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ያለፈውን ዝናብ አይመልስም። የ1980 (እ.ኤ.አ.) የቪየና የሽያጭ ስምምነትም በአንቀጽ 48 ከርክክብ ቀን በኋላ ማረምን የፈቀደው ያለአግባብ ካልዘገየና ገዢውን ካላጉላላ ነው።

መብቱ ግዴለሽ ሻጭን ያበረታታል የሚሉ አሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ማረም ካሳን አያስቀርም፤ ገዢው በእርማቱ መዘግየት ለደረሰበት ጉዳት ካሳ መጠየቅ ይችላል። እንከኑን እያወቀ የደበቀ ሻጭ ደግሞ፣ በእኔ አመለካከት፣ በቅን ልቦና ላይ የቆመ ዕድል ሊጠይቅ አይገባም። ሌላው ተቃውሞ ደካማ ገዢ በ«ነገ እንሠራልሃለን» ይጉላላል የሚል ነው፤ ይህ በገበያችን በእርግጥ የሚደርስ በደል ነው። መፍትሔው አንቀጽ 1774 ውስጥ አለ፦ ገዢው በማስጠንቀቂያው ምክንያታዊ የጊዜ ገደብ ይቆርጣል፤ ገደቡ ካለፈ አልቀበልም ማለት ይችላል።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማች ከዚህ የሰፋ መብት ሰጥቷል፤ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ይሁንና ሸማች የሚባለው ለግል ወይም ለቤተሰብ ፍጆታ የሚገዛ ነው። አምርቶ ለመሸጥ ፓምፕ የገዛው የሐይቅ ገበሬ ከዚህ ትርጉም ሊወጣ ስለሚችል፣ መጠለያው በማስጠንቀቂያው ላይ የቆረጠው ቀን ነው።