«ማንኩሳ ወራጅ አለ?»

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውቶቡስ ፍኖተ ሰላምን አልፎ ትንሽ እንደተጓዘ ረዳቱ «ማንኩሳ ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ። እኛ የኋላ ወንበር ላይ የተደረደርነው የከተማ ልጆች በአንድ ጊዜ ቀና አልን። ከመሀላችን አንዱ አፉን መያዝ አቅቶት «እንዴ! እውነት አለ ማለት ነው?» አለ። ከፊታችን የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ አባት ዘወር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩንና «ምነው ልጆቼ፣ የት ሄዶ ነበር?» አሉን።

አፈርን። ለማፈር ግን ምክንያት አለን። ማንኩሳን ያወቅናት በዓይናችን ሳይሆን በጆሯችን ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ታተመ (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከዚያ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው፣ ትረካው በካሴት ተቀዳ፣ ቤተሰቦቻችን ቡና እያፈሉ ሰሙት፣ እኛም እዚያው ምንጣፍ ላይ ተኝተን ሰማነው። በዛብህ ቦጋለ ማንኩሳ ተወለደ፣ ለቤተ ክርስቲያን ተሳለ፣ ዲማ ሄደ፣ ሰብለ ወንጌልን አየ፣ ጉድ ፈላ። እኛ ዘንድ ማንኩሳ በዛብህን ወልዳ ሥራዋን የጨረሰች አገር ነች። ከዚያ በኋላ ማንም ወደ ኋላ ዞር ብሎ «ለመሆኑ እዚያ ምን አለ?» አይልም።

እንበል እንግዲህ።

ማንኩሳ ምዕራብ ጎጃም፣ ጃቢ ጠህናን ወረዳ ውስጥ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል አስፋልቱን ይዛ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋ የበቆሎ፣ የጤፍና የበርበሬ አገር ነው። እኛ ቤት ድልህ የሚሆነው በርበሬ ከዚህ ደጃፍ ሊሆን ይችላል፤ ከመጽሐፉ በፊት በሆዳችን እንተዋወቅ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን የቅኔ አገር ነው። ስማቸው የገነነው የቅኔ ቤቶች ሦስት ናቸው፤ ዋሸራና ጎንጅ የጎጃም ናቸው፣ ዋድላ ወሎ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንጠልጥሎ፣ ከውሻ ጋር እየተጋፋ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው የቆሎ ተማሪ የሀዲስ ዓለማየሁ ፈጠራ አይደለም። በዚህ አገር የገበሬ ልጅ ከሞፈርና ከቀንበር የሚወጣበት ሰፊው በር ይኸው ነበር። ስለቱም ቢሆን የልብወለድ ማጣፈጫ አይደለም፤ የታመመ ልጅ የያዘች እናት ሌላ ሐኪም አልነበራትም።

አሁን መጽሐፉ ወዳልነገረን እንሂድ። ጣሊያን ጎጃምን ሲይዝ መንገዱን በምሽግ ሰንሰለት አሰረው፦ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ደምበጫ፣ ደብረ ማርቆስ። ምሽግ ያዘ እንጂ አገሩን አልያዘም፤ ከምሽጉ ውጪ ያለው እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ነበሩ። (የመጨረሻው ስም ላይ ፈገግ ያላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም።) ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ድንበር ተሻገሩ። ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ኃይልም ግመል እየነዳ ወደ ጎጃም ደጋ ወጣ፤ ግመሎቹ በመንገድ አለቁ፣ ሰዎቹ ቀጠሉ። ከሱዳን ድንበር ሻለቃና ከስደት ከተመለሱ ኢትዮጵያውያን የተውጣጣው ይህ ጦር ሁለት ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። ከፊቱ የቆመው ጣሊያን በብዙ እጥፍ ይበልጠው ነበር። በየካቲት ቡሬና ማንኩሳ ተከበቡ፣ የማንኩሳ ምሽግ በሞርታር ተደበደበ። የካቲት 25 ቀን የጣሊያኑ አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ ቡሬን ለቆ ጦሩን ወደ ደምበጫ መለሰ፤ ማንኩሳም ነጻ ወጣች። ከአንድ ወር በኋላ መጋቢት 28 ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ነበሩ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። ትምህርት ቤት ያጠናነው የመጨረሻዋን ቀን ብቻ ነው። ጎረቤት ወጀት «ፍኖተ ሰላም» የተባለችው በዚሁ ጉዞ ምክንያት ነው ብለው የአገሩ ሰዎች ያወጋሉ።

ማንኩሳ በሞርታር ስትናጥ ማንኩሳን በኋላ የሚያስጠራት ሰው የት ነበር? ሀዲስ ዓለማየሁ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማርከው ጣሊያን አገር፣ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች እስረኛ ነበሩ። ከሀያ ዓመት በላይ ቆይተው ልብወለዳቸውን ሲያወጡ ስለ ምሽጉ አላወሩም። የመረጡት ከጣሊያን በፊት ያለውን ጎጃም ነው፤ ባላባቱንና ገበሬውን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስደንቀናል። በመጽሐፉ ውስጥ እነ አበጀ በለው ፊታውራሪ መሸሻ የጣሉባቸውን ተጨማሪ ግብር «አንከፍልም» ብለው ይነሳሉ። መጽሐፉ ወጥቶ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ በ1960፣ እውነተኛው የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር «አንከፍልም» ብሎ ተነሳ፤ በተለይ ሞጣና ቢቸና። ገበሬው መጽሐፉን አንብቦ አይደለም፣ ብዙው ማንበብ አይችልም ነበር። የፈራው ለርስቱ ነው፤ ዛሬ ግብር ብለው የለኩት መሬት ነገ የሌላ ነው ብሎ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም አሰማራ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሱ፣ ግብሩም ቀረ። እኛ መጽሐፉን የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርገን ስንይዘው ይሄን ሁሉ እንስተዋለን። ሰብለ ወንጌል ቆንጆ ናት፣ ምን ይደረግ!

ስለ ዘመናዊው ዘመን ብዙ አናስረዝምም። ቡሬ ከጥንት የነጋዴ አገር ነበረች፤ ከዚያ ተነስቶ ዓባይን የሚሻገር መንገድ ወለጋ ያስገባል። በ2013 ትልቅ የዘይት ፋብሪካና የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀላት። ፍኖተ ሰላም የዞን ዋና ከተማ ሆነች። ማንኩሳ በሁለቱ መካከል የሚታለፍባት ሆና ቀረች።

ከዚያ በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ተቀሰቀሰ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ተናገሩ። ከተማዋ ስሟ የሰላም መንገድ ነው። ዜናውን ያነበብነው አዲስ አበባ ካፌ ተቀምጠን ነው፤ ከመሀላችን አንዱ ስልኩን አስቀምጦ «ከማንኩሳ ቀጥላ ያለችው አይደለችም?» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟ ሲነሳ በዛብህ ትዝ አላለንም፤ አውቶቡስ ውስጥ የነበሩት አባት ናቸው ትዝ ያሉን።

ያን ቀን ማንኩሳ ላይ ወርደዋል። ዱላቸውን ይዘው በሩ ጋ እንደደረሱ ያው አፉን መያዝ የማይችለው ጓደኛችን «አባባ፣ መጽሐፉን ያውቁታል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«በሬዲዮ ሰምቸዋለሁ» አሉ ደረጃውን እየወረዱ፤ «የማንኩሳው ቶሎ አለቀ።»